የቬነስ ቅርጽ መቀያየር ብቻውን አልበቃኝም፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር በቃላቸው ያውቁታል። እኔ የምፈልገው የሰው ልጅ ይህን በምን እንዳረጋገጠ እንዲገባቸው ነው። የተቸገርኩትም እዚህ ላይ ነው።

ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ቬነስን በቴሌስኮፕ ተከታተላት። እንደ ጨረቃ ቅርጿን ትቀያይራለች። ሙሉ ስትሆን ትንሽ ናት፤ ቀጭን ማጭድ ስትመስል ደግሞ ትተልቃለች። ምድርን መሃል በሚያደርገው የቶለሚ ሥርዓት ቬነስ ሁልጊዜ ከፀሐይ ወዲህ ስለሆነች ሙሉ ሆና ልትታይ አትችልም። ስለዚህ ቶለሚ ወደቀ።

ግን ታይኮ ብራሄ የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ አለ። በእሱ ሞዴል ፕላኔቶቹ ፀሐይን ይዞራሉ፤ ፀሐይ ደግሞ እነሱን አስከትላ ምድርን ትዞራለች። ወረቀት ላይ ስስለው የቬነስ ቅርጽ ልክ ፀሐይን መሃል እንዳደረገው እንደ ኮፐርኒከስ ሞዴል ሆኖ ይወጣል! አንድ ጎበዝ ተማሪ "ታዲያ ምድር ብትቆምስ?" ቢለኝ ምን ልመልስ?

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ቤሰል በ1838 የኮከብ ፓራላክስ (ምድር ቦታዋን ስትቀይር ኮከቡ ቦታ የቀየረ መምሰሉን) መለካቱን አውቃለሁ። የአንድ አርክሰከንድ (የዲግሪ 1/3600) ሲሶ ገደማ ነው። በ1633 ጋሊልዮ ሲፈረድበት ይህን ሊለካ የሚችል መሣሪያ አልነበረም። ከቤሰል መቶ ዓመት ቀድሞ ጀምስ ብራድሊ ያገኘው የብርሃን አበሬሽን (ምድር በመጓዟ የኮከብ ብርሃን አቅጣጫው ያዘነበለ መምሰሉ) ግን 20 አርክሰከንድ ያህል ነው። ለኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ማስረጃ እሱ ነው።

አበሬሽንን በዝናብ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ጃንጥላውን ወደፊት እንደሚያዘነብል አድርጌ ላስረዳ አስቤያለሁ። ግን ከፓራላክስ ጋር እንዳይምታታባቸው ልዩነቱን ያለ ቬክተር እንዴት ላሳይ? ክፍል ውስጥ የሞከራችሁት ካለ፣ እባካችሁ ሥዕሉን ጭምር አካፍሉኝ።