የአበባ ዱቄት እንዲበስል የግድ የሚሞት ሕዋስ አለ?

ጥያቄ፦ የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰላም ቤተሰብ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ጓሯችን ቲማቲም ተከልኩ። እንደ ጉድ ያብባል፣ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። የአበባውን ዱቄት በማይክሮስኮፕ ሳየው ግማሹ እንደ ዘቢብ ተጨማዷል። በአዮዲን ባቀልመውም ጤነኛ የሚመስለው እንኳ አልጠቆረም። አማካሪዬ «ፕሮቲን ስለሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አንብብ» ብሎኝ ሄደ። ዱቄት ለሚሠራ አበባ አፍራሽ ኢንዛይም ምን ይበጀዋል?

ጀጎል ማዶ
ታፔተምን ፈልግ። ዱቄቱ የሚያድግበትን ከረጢት ከውስጥ የሚለብሰው የሕዋስ ድርድር ነው። ሞግዚት በለው። ዱቄቱን ይመግባል፣ የውጭ ሽፋኑን መሥሪያም ያቀርባል። ሥራውን ሲጨርስ ራሱ መፍረስ አለበት፤ ፍራሹም ለዱቄቱ ይተርፋል። ከአፍራሾቹ መካከል ፕሮቲዬዞች፣ ማለትም አማካሪህ ያላቸው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች፣ አሉ።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) አራቢዶፕሲስ በተባለች የቤተ ሙከራ ተክል ላይ የወጣ ሥራ ሲኢፒ1 የተባለውን ፕሮቲዬዝ አሳይቷል። ጂኑ ሲበላሽ ታፔተሙ በጊዜው አይሞትም፣ ሽፋኑም ይዛባል። ኢንዛይሙ ሲበዛ ደግሞ ያለ ሰዓቱ ይሞታል። በሁለቱም መንገድ ብዙ ዱቄት ይመክናል። ሞግዚቷ ልጁ ጡት ሳይጥል ብትሄድም ጉድ ነው፣ ቤቱን አልለቅም ብትልም ጉድ ነው።

ሩዝ ወዳድ
ሩዝ ላይም አለ። ኢኤቲ1 የሚባል ፕሮቲን የሁለት ፕሮቲዬዞችን ጂን ያስነሳል፤ ኤፒ25 እና ኤፒ37። ተመራማሪዎቹ እርሾ ውስጥ ቢያስገቧቸው እርሾውንም ገደሉት!

ላብ ያረጀሁ
አቦ፣ ኢንዛይሙን ከመክሰስህ በፊት ሙቀቱን እይ። ቲማቲም ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ በላይ ሲሆንበት ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል፤ የድሬን ሌሊት አንተ ታውቃለህ። ሙቀት ታፔተሙንም ያውካል። ዱቄቱ በጣም የሚጎዳው አበባው ከመከፈቱ ከ7 እስከ 15 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተከፈተ አበባ ይዘህ የዛሬን ቴርሞሜትር አትመልከት፣ ወደ ኋላ ቁጠር።

አዮዲኑን ደግሞ ተወው፤ እሱ የሚያጠቁረው ስታርችን ነው። የበሰለ የቲማቲም ዱቄት ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚቀይር ደህናውም አይጠቁርልህም። አሴቶካርሚን ተጠቀም፤ ደህናው ሞላ ብሎ ይቀላል፣ መካኑ ገርጥቶ ይቀራል። የታፔተሙን ጉዳይ ለማየት ግን ያልተከፈተ እምቡጥ በስሱ መቁረጥ አለብህ።

የሳቢያን ልጅ
ለካ አዮዲኑ ነው ያሳበደኝ! አክስቴ ሐረር ናት፣ ከዚያው ዘር ችግኝ እልክላታለሁ። እዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ማነጻጸሪያ ይሆነኛል። እምቡጡን በምላጭ መቁረጥ ይቻላል?

ላብ ያረጀሁ
በአዲስ ምላጭ፣ አዎ። ጣትህን ብቻ።