ኤክስሬይ ባይናሪ እየደበዘዘ ሲሄድ በ8 ኢንች ቴሌስኮፕ መከታተል ይቻላል?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ባለ 8 ኢንች ቴሌስኮፕና አንድ ካሜራ አለን። ማክሲ ጄ1820+070 ስለሚባለው ኤክስሬይ ባይናሪ (ብላክ ሆል ወይም ኒውትሮን ኮከብ ከተራ ኮከብ ጋር የሚዟዟርበት ጥንድ) ሳነብ በፈረንጅ መጋቢት 2018 ድንገት ብልጭ ብሎ 12 ማግኒቲዩድ አካባቢ ደረሰ ይላል፣ ከዛ በወራት ውስጥ ደብዝዞ ወደ 19 ወረደ (የማግኒቲዩድ ቁጥር ሲጨምር ብርሃኑ ይቀንሳል)። ታዲያ ሳይንቲስቶቹ ሲደበዝዝ ጠብቀው በትልልቅ ቴሌስኮፕ የተረባረቡበት ለምንድነው? ደምቆ እያለ አይሻልም ነበር? ደሞ ኤክስሬይ የሚረጭ ነገር በተራ ካሜራ እንዴት ይታያል?

ዓባይ ማዶ፦
የምታየው ብርሃን ከብላክ ሆሉ አይደለም እኮ ወንድሜ። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ኮከብ ጋዟን እየነጠቀ በዙሪያው ዲስክ (ጠፍጣፋ የጋዝ ክብ) ይሰራል፣ የዲስኩ የውስጥ ክፍል በጣም ግሎ ኤክስሬይ ያወጣል፣ ያ ኤክስሬይ መልሶ የዲስኩን ዳር ያሞቀዋል፣ ካሜራህ የሚያገኘው በዋናነት እሱን ነው። ደምቆ እያለ ኮከቧ በዲስኩ ብርሃን ተውጣ አትታይም። ሲደበዝዝ ግን ብቅ ትላለች፣ ያኔ ስፔክትረሟን (በየቀለሙ የተበተነ ብርሃኗን) ወስደህ ስትመጣና ስትሸሽ ፍጥነቷን መለካት ነው። ካናሪያስ ደሴቶች ላይ ባለው የ10.4 ሜትር ቴሌስኮፕ ይሄንኑ አድርገው በ16 ሰዓት ተኩል አንዴ እንደምትዞርና ፍጥነቷ በሴኮንድ 417 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደሚደርስ አገኙ። ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ የማይታየው ነገር ቢያንስ ፀሐይን 5 ጊዜ እንደሚያህል ይወጣል፣ ኒውትሮን ኮከብ (ሞቶ የታመቀ የኮከብ እምብርት) ደግሞ 3 ፀሐይ እንኳ አይሞላም። ብላክ ሆልነቱን አፍ የሚያስይዘው ይሄ ልኬት ነው።

ጣና ዳር፦
ሁሉም ልክ ነው ግን ደምቆ ያለበትን ጊዜ እንዲህ ባናጣጥለው። ቪ404 ሲግኒ የሚባለው ሌላ የብላክ ሆል ጥንድ በሰኔ 2007 (በፈረንጅ 2015) ሲነሳ ብርሃኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ በ20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ይታይ ነበር፣ ያ እኮ የናንተው 8 ኢንች ነው! የኛ ችግር ሰኔ መሆኑ ነው፣ ጮቄ ደመናውን ከለበሰ በኋላ ምን ይታያል 😅 ጄ1820 ግን መጋቢት ላይ ነው የመጣው፣ ከጎጃም ደሞ አናት ላይ ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ስራው እንዲህ ነው፣ እዛው ፎቶ ውስጥ ብርሃናቸው የማይለዋወጥ ጎረቤት ኮከቦች መርጣችሁ ከነሱ ጋር ታነፃፅራላችሁ፣ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) መዝግቡ። እስከ 16 ማግኒቲዩድ ድረስ ፎቶ እየደራረባችሁ ትከተሉታላችሁ፣ ከዛ በታች ይከብዳችኋል። 19 ላይ እንደ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ቴሌስኮፖች ባለ 1 ሜትር ካልሆነ አትድከሙ። ግን ጠፋ ብላችሁም አትተዉት፣ ቪ404 በዛው የፈረንጅ ዓመት ታህሳስ ላይ እንደገና ተነስቷል፣ ጄ1820ም በፈረንጅ 2019 ደጋግሞ ደምቋል።

የማርቆስ ልጅ፦
ተባረኩ! አዲስ ሲነሳ ግን በምን እንሰማለን?

ጣና ዳር፦
አስትሮኖመርስ ቴሌግራም የሚባል ድረ ገጽ አለ (ያ ቻት የምታደርጉበት ቴሌግራም አይደለም)፣ እሱ ላይ ይወጣል። ዳታችሁን ደሞ ለኤኤቪኤስኦ (ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ኮከቦችን ለሚከታተለው የአሜሪካ ማህበር) ላኩ፣ ከየትም አገር ይቀበላሉ።