«ፕሮሚነንስ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጠያቂ (ከደብረ ማርቆስ)፦
ስለ ጮቄ ተራራ ለተማሪዎቼ የሚሆን አጭር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ስመልስ «ፕሮሚነንስ» የሚል ቃል አጋጠመኝ። መዝገበ ቃላቴ «ታዋቂነት፣ ዝና» ስለሚለው «የተራራው ዝና» ብዬ ጻፍሁ፤ ወዲያው ግን ከአጠገቡ በሜትር የተጻፈ ቁጥር አየሁ። ዝና በሜትር አይለካምና ትርጉሙን የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ (ከባሕር ዳር)፦
ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው «ወደ ውጭ ወጣ ማለት» ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በጉሮሮ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ማንቁርት፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ደግሞ ከፀሐይ ገጽ ተነሥቶ እንደ ቀስት የሚታጠፈውን ፕላዝማ (እጅግ የጋለ ጋዝ) በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ዝና የሚለው ፍቺ ኋላ የተወለደ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አያስኬድም። ጋዜጣ ለአንድ ዜና «ፕሮሚነንስ ሰጠ» ቢባል «አጉልቶ አወጣው» እንላለን እንጂ «ዝና ሰጠው» አንልም። በእኔ አስተያየት «ጎላ» የሚለው ግስ ለአብዛኛው ይበቃል።

መልስ (ከደጀን)፦
ለተራራ ግን አይበቃም፣ እዚያ ቃሉ ልኬት ነውና። ከአንድ ተራራ ጫፍ ከእሱ ወደሚበልጥ ተራራ ለመሻገር የግድ ምን ያህል መውረድ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ፣ ብዙ ከማያስወርደው መንገድ ዝቅተኛ ቦታ፣ ማለትም በሁለቱ ተራሮች መካከል ካለው «ኮርቻ» ተነሥቶ የሚሰፈር ከፍታ ነው። ሎትሴ 8,516 ሜትር ቢረዝምም ከኤቨረስት የሚለየው ኮርቻ ከፍ ያለ ስለሆነ ፕሮሚነንሱ 610 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ብቻውን የቆመው ኪሊማንጃሮ ግን ከ5,895 ሜትሩ 5,885 ያህሉ ይቆጠርለታል። እኛ የዓባይን በረሃ አፋፍ ላይ ሆነን ቁልቁል የምናይ ሰዎች የጮቄን ልኬት ከሸለቆው ወለል ለመጀመር ይቃጣናል፤ ስሕተት ነው፤ የሚፈለገው ጥልቁ ገደል ሳይሆን ከፍተኛው መሻገሪያ ነው። እኔ ብሆን «ከኮርቻው በላይ ያለ ከፍታ» ብዬ እጽፈው ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ዝና»ን ሰርዤ የደጀኑን ሐረግ አስገብቻለሁ፤ ተማሪዎቼ ኮርቻ የሚያውቁት በፈረስ ጀርባ ስለሆነ ከጎኑ ሥዕል እጨምርበታለሁ።