ክርክር፦ አሮጌ ፎርዊል ሲሸጥ ጉድለቱን ማሳየት የማን ግዴታ ነው?

አወያይ፦
ጥያቄው ይኸው። ሃያ ሠላሳ ዓመት የተነዳ ፎርዊል ድራይቭ መኪና፣ ሻጩ ከገለልተኛ ጋራዥ የምርመራ ወረቀት ካላቀረበ እንዳይሸጥ ሕግ ያግደው? ወይስ ገዢው እንደ ድሮው ዓይኑን ገልጦ ይግዛ? ተገቢ ዋጋ የሚባለውስ በምን ይታወቃል? ስድብ ክልክል ነው። የተቀረው ይፈቀዳል።

የመጀመሪያዬ ነው፦
ያግደው! ላንድክሩዘር 80 እያፈላለግኩ ነው። አንዱ ሻጭ «ሞተሩ ተነክቶ አያውቅም» ብሎ ዋጋ ይቆልላል። ሌላው «ሞተሩ ወርዶ ታድሷል» ብሎ ያንኑ ዋጋ ይጠራል። ካልተነካም ውድ፣ ከተነካም ውድ። ታዲያ መቼ ነው የሚረክሰው?

ናፍጣ ወዳጅ፦
እህቴ፣ አይረክስም። ዋጋውን የሚቆርጠው ፈላጊው ነው። 80 በ1990 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ በአብዛኛው ገበያ በ100 ተተካ። የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር በጥር 2016 እ.ኤ.አ. መመረቱ ቆመ። ያለው ያው ነው፣ አይጨመርም። በዚያ ላይ አሜሪካ በራሷ የደኅንነት መስፈርት ያልተሠራ መኪና የምታስገባው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ካናዳ በ15 ዓመት ትፈቅዳለች። አንድ ሞዴል 25 ዓመት በደፈነ ቁጥር አዲስ ገዢ ይመጣል፣ ዋጋው ብድግ ይላል። ይህን ምንም ወረቀት አያወርደውም።

ከመኪና ስር፦
ገበያው የሚያውቀው ስሙን ነው። ስሩ ገብቶ አያይም። እኔ ደግሞ ውሎዬ እዚያው ስር ነው፣ እስቲ ልናገር።

ሰው ሁሉ ሞተር ሞተር ይላል። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ከባሰም ሌላ ይገባል። ሻንሲው፣ መኪናው ሁሉ የተቀመጠበት የብረት አጽም፣ ከበሰበሰ ግን ምን ትሠራለህ? ዝገቱ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው የሚነሳው። ጭቃና ውሃ ሻንሲው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ከውጭ ጥቁር ቀለም ይረጭበትና አዲስ ይመስላል። ትኩስ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ሳይ እኔ ዋጋ ነው የምቀንሰው። በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉት። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል።

ከዚያ የፊት አክስሉ። 80 ላይ የፊት ጎማው የሚታጠፍበትን ኳስ እዩት። ግሪሱ ቀጥኖ እየወረደ ከሆነ የውስጡ ዘይት ማገጃ አልቋል፣ የዲፈረንሻል ዘይት ከግሪሱ ጋር ተደባልቋል። መኪናውን የሚያስጥል ነገር አይደለም። ግን ሥራው ብዙ ነው፣ ከዋጋው ይነሳ።

ሞተሩን ቀዝቅዞ ካላገኛችሁት አትመኑት። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ አንድ ሰው ቀድሞ አስነስቶታል። ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ሲበዛ ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። ነጭ ሆኖ አልጠፋ ካለ ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለበት እንደሆነ ጠይቁ።

የመጀመሪያዬ ነው፦
ማግኔት ይዘሽ ሂጂ ተብያለሁ። የተጎዳ ላሜራ የሚደፈንበት ስቱኮ ካለበት አይጣበቅም አሉኝ።

ከመኪና ስር፦
ለላንድክሩዘርና ለኒሳን ፓትሮል ይሠራል። ዲፌንደር ላይ ግን ትታለያለሽ። አብዛኛው ላሜራው አሉሚኒየም ስለሆነ ጤነኛውም አይዝም። የእሱ ጣጣ ከታች ያለው የብረት ሻንሲ ነው።

ሻጭ ነኝ፦
እኔም ልናገር እንጂ። መኪናዬን ከሌላ ሰው ነው የገዛሁት። እሱም ከሌላ። ካምቢዮው ውስጥ ያለውን በምን አውቄ ነው የምናዘዘው? ወረቀት ግዴታ ይሁን ብትሉ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይገዛል። ጋራዡ ከእኔ ብር ተቀብሎ በእኔ ላይ ይመሰክራል ብላችሁ ነው? ወጪውንም ዋጋው ላይ እጭነዋለሁ። ከፋዩ ያው ገዢው ነው።

ሂሳብ ብቻ፦
ስለወረቀቱ መገዛት ያልከው እውነት ነው። ግን መፍትሔ የለውም አትበል። እንግሊዝ ውስጥ መኪና ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ ይመረመራል። ውጤቱ፣ የወደቀበት ምክንያት፣ በዕለቱ የነበረው ኪሎሜትር ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። የአንድ ቀን ወረቀት ሊገዛ ይችላል። የአሥር ዓመት መዝገብ መግዛት ግን ከባድ ነው።

ናፍጣ ወዳጅ፦
ያ ምርመራ የሞተርና የካምቢዮ ጤንነት ውስጥ እንደማይገባም ጨምርበት። ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ዝገት፣ ጭስ ያያል። ማርሹ እየዘለለ ሊያልፍ ይችላል። 40 ዓመት ያለፈው መኪና ደግሞ ጭራሹን ነፃ ነው።

ሂሳብ ብቻ፦
እኔን የሚያበግነኝም እሱ ነው! አሜሪካም ሻጭ ኪሎሜትሩን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕግ ታስገድዳለች። የ2010 እ.ኤ.አ. ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠራው ግን ዛሬ ከግዴታው ውጭ ነው። መኪናው ሲያረጅ ሕጉ ዓይኑን ይጨፍናል። ገዢው የሚታለለው አዲስ መኪና ላይ ነው እንዴ?

ከመኪና ስር፦
ኪሎሜትሩን ተዉት ባይ ነኝ። ትልቅ ጎማ የተገጠመለት ፎርዊል ቆጣሪው ማንም ሳይነካው ከሄደው በታች ነው የሚቆጥረው፣ ካልተስተካከለ። የፔዳሉን ጎማና የሹፌሩን ወንበር ብታዩ ይሻላል።

ይልቅ የጥገና ደረሰኝ ጠይቁ። የላንድክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ታይሚንግ ቤልት አለው፣ ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር አጣጥሞ የሚያስኬድ ቀበቶ ነው፣ ቢበጠስ ሞተሩን ይጎዳል። የፓትሮሉ ቲዲ 42 ሞተር ግን በቤልት ፋንታ በጥርስ ማርሽ ነው የሚዞረው። «ቤልቱ መቼ ተቀየረ?» ስትሉት ዝም ካለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ለእኔ ተገቢ ዋጋ ማለት ይኼ ነው፦ የደህናውን መኪና ዋጋ ያዝ፣ ይህንን ለመጠገን የሚፈጀውን ቀንስ፣ ሳይታይ ለቀረው ትንሽ ደግሞ ቀንስ። ስሙ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ናፍጣ ወዳጅ፦
እንዲህ ቀንሰህ የሚሸጥልህ ካገኘህ ለእኔም ጥራኝ።

ከመኪና ስር፦
ሕግ ካስፈለገ አንድ ነገር ብቻ ያስገድድ። ወረቀቱን ተዉት። ሻጭ ገዢው ባመጣው መካኒክ እንዲታይ አይከልክል። ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሳ፣ መኪናው ማንሻ ላይ ይውጣ። አፈር ወይም ጠጠር ላይ ፎርዊሉና ከባዱ ማርሽ ገብቶ ይሞከር። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይሆንም፣ ሴንተር ዲፈረንሻል፣ የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርገው፣ የሌለውን ፎርዊል አስገብቶ ማጠፍ ራሱ ማሽኑን ያስጨንቃል። ስንቱ ፎርዊል ለዓመታት ሳይገባ ቆሞ ገመዱና ማያያዣው ደርቆ አይቻለሁ መሰላችሁ። ስሙ ፎርዊል፣ የሚጎትተው በሁለት ጎማ!

ሻጭ ነኝ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሲሞከር ከተሰበረስ ማን ይከፍላል?

ሂሳብ ብቻ፦
በተለመደ አነዳድ ከተሰበረ ድሮም ሊሰበር የነበረ ነው። አንተ ትከፍላለህ።

ሻጭ ነኝ፦
ይኸው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ! ቢያንስ የማንሻውን ገዢ ይክፈል።

የመጀመሪያዬ ነው፦
እሺ፣ እከፍላለሁ። ከዋጋው ላይ ግን እቀንሰዋለሁ።

ሻጭ ነኝ፦
ከገዛሽ!