ትንፋሼን ስከታተል ትንፋሼ ይበላሻል፤ ለጀማሪ የትኛው ሜዲቴሽን ይሻላል?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሜዲቴሽን ልጀምር ብዬ ከተነሳሁ ሰነበትኩ። ችግሬ የቱን እንደምይዝ አለማወቄ ነው። አንዱ ትንፋሽሽን ተከታተዪ ይላል። ሌላው አንድ ቃል ደጋግሚ ይላል። ሌላው ደግሞ ከእግር ጣትሽ እስከ ራስሽ ሰውነትሽን ቃኚ ይላል። ዩቲዩብ ላይ አንዱን ስከፍት ሌላ አስር ይደረደርልኛል።

እስካሁን የሞከርኩት ትንፋሽ መከታተሉን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አፍንጫዬ ላይ ሳተኩር ትንፋሼ በራሱ መሄዱን ያቆማል። እኔ ካልሳብኩት የማይገባ ይመስለኛል። ከዚያ ደረቴን ጭንቅ ይለኛል፣ ዓይኔን እገልጣለሁ፣ በቃ። በሌላ ጊዜ እንዲህ አያደርገኝም፤ ደረጃ ስወጣም ስሮጥም ደህና ነኝ። አፕም አውርጄ ነበር። የምታወራው ሴትዮ ድምፅ ግን ከመለሳለሱ ብዛት ያናድደኛል።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ወር መጨረሻ ላይ ቁጥሮቹ አልጋዬ ድረስ ይከተሉኛል። የምፈልገው ማታ ጭንቅላቴ ዝም እንዲልልኝ ነው፤ የመመነን ሐሳብ የለኝም። አንዲት ጓደኛዬ «10 ቀን ዝም ተብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ሂጂ፣ አንዴ ይገላግልሻል» ትለኛለች። እውነት ለጀማሪ ይሆናል? ደግሞስ ከሃይማኖቴ ጋር የሚጋጭ ነገር ይኖረው ይሆን?

ቀጥታ ተናጋሪ፦

ዝም ብለሽ 5 ደቂቃ ተቀመጪ። ምርጫ የሚያበዛ ሰው አይጀምርም።

የጥሪ ማዕከሉ፦

ከላይ ያለው ወዳጄ፣ እሷ እኮ ጀምራለች። ጀምራ ነው ደረቷን የጨነቃት።

እህቴ፣ ያንቺ ነገር እንግዳ አይደለም። ትንፋሽ ሳናስበው ይሄዳል፤ ስናስበው ደግሞ ልንይዘው እንችላለን። ሰው አናትሽ ላይ ቆሞ እያየሽ ስትፈርሚ ፊርማሽ አይጣመምም? እንደዚያ ነው። «አትቆጣጠሪው» የሚሉሽንም ተያቸው። በትእዛዝ መቆጣጠሩን የሚተው ሰው አላየሁም። ይልቅ ትኩረትሽን ከአፍንጫሽ አውርጂው።

መጀመሪያ ሆድሽ ላይ ሞክሪ። ማሃሲ ሳያዳው የሚባሉት የበርማ መነኩሴ (እ.ኤ.አ. 1904–1982) ያስፋፉት ዘዴ ሆድ ሲነሳና ሲወርድ መከታተል ነው። በልብሽ «ይነሳል፣ ይወርዳል» ትያለሽ። ሐሳብ ሲመጣ «ማሰብ፣ ማሰብ» ብለሽ ወደ ሆድሽ ትመለሻለሽ። የወር መጨረሻው ቁጥር ሲመጣም እንዲሁ። አትደምሪው፣ ስም ስጪውና ተመለሺ።

ሆድሽም ካስጨነቀሽ ትንፋሽን ጭራሽ ተዪው። ግዴታ አይደለም። እኔ የምሠራው በውስጥ እግሬ ነው። ቀኑን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ የተቆጣ ደንበኛ ስሰማ እውላለሁ፤ ማታ ሌላ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ስለዚህ የአፗ ሴትዮ ነገር በደንብ ይገባኛል። ጫማዬን አውልቄ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ተረከዜ ወለሉን የት ጋ እንደሚነካ፣ የትኛው ጣቴ እንደቀዘቀዘ፣ ካልሲዬ የት ጋ እንደሚያጠብቅ አያለሁ። የግራ እግሬ ትንሿ ጣት መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ያለች አትመስልም ነበር፤ መኖሯ የታወቀኝ ቆይቶ ነው። ሥራው ይኸው ነው። ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል፤ መሄዴ ትዝ ሲለኝ ወደ እግሬ እመለሳለሁ። መቶ ጊዜ ብትሄጂ መቶ ጊዜ መመለስ ነው፤ ልምምዱ እሱ ነው። ጭንቅላትሽ ባዶ እንዲሆን አትጠብቂ።

ዓይን መጨፈንም የግድ አይደለም። ዜን በሚባለው የቡድሂዝም ዘርፍ ዓይን ገርበብ ብሎ ወደ መሬት ያያል። ከዜን ውስጥ ሶቶ የሚባለው ክፍል ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚቀመጡት። ሲጨፍን ለሚጨንቀው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እግር ማጠላለፉንም እርሺው። የኔ ጉልበት አይታጠፍም፤ ወንበር ይበቃኛል። መቀመጥ ራሱ ካቃተሽ ክፍልሽ ውስጥ በዝግታ ተመላለሺ፤ እግርሽ ሲነሳ፣ ሲሄድ፣ ሲያርፍ እየተከታተልሽ።

ለማታው ግን ሰውነት መቃኘቱን እመርጥልሻለሁ። ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ውስጥ ያለ ነው። በጀርባሽ ትተኚና ከግራ እግር ጣትሽ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ። ሥልጠናው ላይ የሚፈለገው ነቅቶ መቆየት ነው። አንቺ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ጉልበትሽ ጋ ስትደርሺ እንቅልፍ ቢወስድሽ ግን ማን ይጠይቅሻል?

አንዱን ከያዝሽ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት አትቀይሪው። ሁሉም ዘዴ የሚሰለችበት ቀን አለው፤ ሰው ሌላ ቪዲዮ የሚከፍተው ያን ቀን ነው። ሰለቸኝ ብለሽ አትቀይሪ። ደረቴን ጨነቀኝ ብለሽ ግን ቀይሪ፣ ያውም ዛሬውኑ። ሳትቀመጪም የሚጨንቅሽ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሐኪም ነው።

ደወል፦

ጓደኛሽ የምትልሽ ጎይንካ የሚባሉት መምህር ያስፋፉትን፣ ቪፓሳና የሚባለውን ሜዲቴሽን ኮርስ ሳይሆን አይቀርም። ገብቼበታለሁ፣ ወድጄዋለሁም። የሚጠብቅሽን ግን እወቂው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደወል ይመታል። በቀን በድምሩ ለ10 ሰዓታት ያህል ትቀመጫለሽ። ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም፣ መጻፍም የለም። አጠገብሽ ያለችውን ሴት በዓይን ሰላም ማለት እንኳ አይፈቀድም። ክፍያ የለውም፤ ቀድመው የጨረሱ ሰዎች በሚሰጡት ልገሳ ነው የሚካሄደው። ጀማሪም ይቀበላሉ።

አሁን ይሄን ልብ በይ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሙሉ በሙሉ የአፍንጫ ትንፋሽ ናቸው። ቪፓሳና የሚሉት ራሱ የሚጀመረው በ4ኛው ቀን ነው። አንቺ ለጥቂት ደቂቃ ያልቻልሽውን ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ልትይዢው ነው ማለት ነው፤ ያውም «ጨነቀኝ» ብለሽ ለጓደኛሽ በማትደውይበት ቦታ። አስተማሪውን ማናገር ይቻላል፣ ግን በአጭሩ ነው።

ማስፈራራቴ አይደለም። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ዊሎቢ ብሪተንና ባልደረቦቿ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሜዲቴሽን የሚያደርጉ ሰዎች፣ ልምድ ያላቸው ሳይቀሩ፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት እንደገጠማቸው ተናግረዋል። ኮርሱም ማመልከቻው ላይ ስለ አእምሮ ጤና ይጠይቃል። የምትሞዪ ከሆነ እውነቱን ሙዪ። ለኔ ግን ላንቺ ገና ነው።

እናት ነኝ፦

የሃይማኖቱን ጥያቄ ሁላችሁም ዘላችሁት አለፋችሁ። እኔ ልመልሰው።

እንደ ዘዴው ይለያያል። ጆን ካባት-ዚን ያዘጋጀው ሥልጠና መነሻው ቡድሂዝም ቢሆንም የሚሰጠው ያለ ሃይማኖት ነው። እግርን ወይ ሆድን መከታተልም እምነት አይጠይቅም። ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ የሚባል ህንዳዊ መምህር ያስፋፋው ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን የሚባለው ግን ትንሽ ይለያል። ቃሉን የሚሰጥሽ አስተማሪ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል በልብሽ ትደጋግሚዋለሽ፤ ትምህርቱም ይከፈልበታል። ቃሉ ከመሰጠቱ በፊት አስተማሪው የመምህራቸው ሥዕል ፊት በሳንስክሪት የሚያደርሰው ሥነ ሥርዓት አለ። ድርጅቱ ሃይማኖት አይደለም ይላል። እኔ አልተመቸኝም፤ የተመቸው ሰው ላይ ግን አልፈርድም።

ቃል መደጋገም ከወደድሽ ሌላ መንገድ አለ። የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን የሚያደርጉ ሰዎችን ካጠና በኋላ የደረሰበት ነገር፣ ለሰውነት መረጋጋት የተለየ ምሥጢራዊ ቃል እንደማያስፈልግ ነው። ማንኛውም ቀላል ቃል ይሆናል፤ የሚያምን ሰው ደግሞ የራሱን አጭር ጸሎት መያዝ ይችላል። እኔ የያዝኩት እሱን ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያችኑ አጭር ጸሎቴን በቀስታ እላለሁ። ከትንፋሼ ጋር ላስኪደው ብዬም አልጨነቅም፤ አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይገጥምም።

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጓደኛዬ «ገና ነው» ብያታለሁ፣ አኩርፋለች 😄 እግሩን ዛሬ ሞከርኩት። ዓይኔን ገርበብ አድርጌ። ደረቴን አልጨነቀኝም፤ ግን ተሰላችቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሰዓት ሞልቼ ስቀመጥ ማንቂያው አሁን ጮኸ አሁን ጮኸ እያልኩ እሱን ነው የምጠብቀው። ሲጮህ ደግሞ ያስደነግጠኛል።

የጥሪ ማዕከሉ፦

መሰላቸቱ ደህና ነው፣ አትቀይሪ። ማንቂያውን ከሥራ መቀስቀሻሽ የተለየ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ አድርጊለት። ስልኩን ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጪው፤ በሩን ገርበብ ካደረግሽው ይሰማሻል። መጠበቁ ራሱ ሲመጣ «መጠበቅ፣ መጠበቅ» በይና ወደ እግርሽ ተመለሺ። 10 ደቂቃ በዛብኝ ካልሽ 6 አድርጊው። እኔ ፈረቃ ባደርኩበት ቀን ከዚያም አሳንሳለሁ።