አንጎል የሚደርሰውን ደም የሚቆጣጠረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ባለ ቤተ መጻሕፍት ለሰዓታት ሳነብ ቆይቼ ድንገት ስነሣ ዓይኔ ጭልም ይልብኛል፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ጥቂት ስቆም ይለቀኛል። የአንጎልን የደም ፍሰት የሚወስነው ልብ ብቻ ነው ወይስ አንጎል ራሱም ድርሻ አለው?

መልስ 1፦ ራሱም ትልቅ ድርሻ አለው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ በዕረፍት ጊዜ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል፤ የሚያከማቸው ስንቅ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ እርስዎ ሲያነቡ በሥራ የተጠመዱት የነርቭ ሴሎች ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ሲለቁ፣ የደም ሥርን የሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይመነጫል፤ በደም ሥሮች ዙሪያ እግራቸውን ያሳረፉት አስትሮሳይቶችም (የነርቭ ሴሎችን የሚደግፉ የአንጎል ሴሎች) ምልክት ያስተላልፋሉ፤ በዚህም ትንንሾቹ የደም ሥሮች በዚያው ስፍራ ይሰፋሉ። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪዎቹ ሮይና ሼሪንግተን ይህን መሰል ሐሳብ ያቀረቡት በ1890 እ.ኤ.አ. ነበር።

መልስ 2፦ የተባለው ልክ ነው፤ የጠያቂው ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል። ሲነሡ ደም ወደ እግር ስለሚወርድ ግፊቱ ለአፍታ ይቀንሳል፤ በአንገት የደም ሥር ያሉት ግፊት ለኪዎች ለአንጎል ግንድ እስኪያሳውቁና ልብ እስኪፈጥን ጥቂት ሰኮንዶች ያልፋሉ። ቀስ ብለው ይነሡ፤ ከተደጋገመ ሐኪም ይየዎት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ ስወጣ አያጋጥመኝም፤ ሆን ብዬ ቶሎ ቶሎ ስተነፍስ ግን ያዞረኛል።

መልስ 2፦ ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምዎ ስለሚቀንስ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠብባሉ። ዳገት ላይ የሚበዛው ትንፋሽ ግን ጡንቻ የሚያመነጨውን ጋዝ ለማስወጣት ስለሆነ ሚዛኑ እምብዛም አይዛባም።