የመድኃኒት ደኅንነት ሥልጠና ሰነድ ስናጋራ ምን ይጽዳ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለፋርማሲስቶችና ለነርሶች የተዘጋጀ የፋርማኮቪጂላንስ (የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል) ሥልጠና በፓወርፖይንት አለ። የቢጫው ቅጽ (የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበት) መለማመጃዎች ከእውነተኛ ሪፖርቶች የተወሰዱ ናቸው። ለሌሎች ጤና ተቋማት በቴሌግራም ከመላኩ በፊት ምን ይስተካከል?

መልስ 1፦
ስምና የካርድ ቁጥር ላይ ጥቁር ሳጥን መለጠፍ አይበቃም፤ ሳጥኑን ያነሳ ያነብበዋል። የተከረከመ ፎቶም የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ከኤክሴል የመጣ ግራፍ ነው፤ የታካሚዎቹን ሠንጠረዥ እንዳለ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ግራፉን እንደ ምስል ለጥፉት።

መልስ 2፦
እባካችሁ ቀኖቹን ግን አታጥፏቸው! ያለ እነሱ የምክንያትነት ግምገማ፣ ማለትም ጉዳቱን ያመጣው መድኃኒቱ ነው ወይ የሚለውን መመዘን፣ መለማመድ አይቻልም። ትክክለኛውን ቀን በ«ቀን 1» ዓይነት ቁጥር ተኩት። ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል ቀን 1 ተጀመረ፣ ቀን 9 ሽፍታ ወጣ፣ ቀን 11 መድኃኒቱ ቆመ፣ ቀን 15 ሽፍታው ጠፋ፤ ሌላ መድኃኒትም ሆነ ሕመም የለም። በዓለም ጤና ድርጅትና በኡፕሳላ የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ማዕከል መመዘኛ የዚህ ደረጃ «በጣም የሚገመት» እንጂ «የተረጋገጠ» አይደለም፤ ብዙ ሠልጣኝ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ የሆነው ካልተጻፈ ደግሞ ወደ «ሊሆን ይችላል» ይወርዳል።

መልስ 3፦
ሆን ተብሎ የጎደለ ሪፖርትም ጨምሩ። ታካሚ፣ ሪፖርት አድራጊ፣ የተጠረጠረ መድኃኒት፣ የታየ ጉዳት፦ ከአራቱ አንዱ ከሌለ ሪፖርቱ አይሟላም። ለክትባት የባች ቁጥር (አብሮ የተመረተውን ስብስብ የሚለይ ቁጥር) እንዲጠይቁ አለማምዷቸው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ግራፎቹ በሙሉ ከኤክሴል ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱ ይቀየራሉ።